የመጀመሪያው ጉጠት፦ ጎዶሎ መሣሪያ ከራሱ የተሻለ ስለ መሥራቱ

በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሚሊንግ ማሽን፣ በትልልቅ ቶርኖ ቤቶች ፍሬዛ እየተባለ የሚጠራው መሣሪያ አነስ ብሎ የተሠራበት ዓይነት ነው። ከላይ ስለታም መቁረጫ ይሽከረከራል፤ ከታች ብረቱ በሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ በመዘውር ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ ይንሸራተታል። መቁረጫው ብረቱን እየላጠ ጠፍጣፋ ፊት፣ ቦይ ወይም ቀዳዳ ያወጣበታል። በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሥራ በብዙ አገር ከተሰራጩት መካከል በሻንጋዩ ሲግ ፋብሪካ የሚሠራው ኤክስ2 የተባለው ሞዴልና እሱን የመሰሉት ይገኙበታል። ክብደታቸው ከ50 እስከ 60 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ሁለት ሰዎች አንሥተው ቦታ ያስይዟቸዋል። በፋብሪካ የሚያገለግለው የተለመደ ሚሊንግ ማሽን ግን አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። ትንሹ ማሽን የረከሰውም፣ ጉድለት የበዛበትም ከዚህ የብረት ማነስ የተነሣ ነው።

ይህን ማሽን የገዛ ሰው ብዙ ሳይቆይ ማሻሻል ይጀምራል። ለማሻሻያ የሚያስፈልጉትን ክፍሎች የሚቆርጠውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በሚሻሻለው ማሽን ነው። የሚወላገድ ማሽን የራሱን መወላገድ የሚያርም ክፍል ያወጣል ማለት ነው። ከዚህ የእጅ ሥራ ውስጥ አንድ አሮጌ የፍልስፍናና የሃይማኖት ጥያቄ ይነሣል፦ ጎዶሎ ነገር ከራሱ የበለጠ ሙሉ ነገር ሊያስገኝ ይችላልን? ከቻለስ በአስገኚው ውስጥ ያልነበረው ብልጫ ከየት መጣ?

ካምፓላና የብረት ሥራ

ይህ ጥያቄ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ሥር አለው፤ በዚያ የብረት መሣሪያና የሃይማኖት ትምህርት የተገናኙት ቀድሞ ነው። እስኮትላንዳዊው መሐንዲስ አሌክሳንደር ማካይ የአንግሊካን ሚስዮናዊ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1878 ወደ ቡጋንዳው ካባካ (ንጉሥ) ቀዳማዊ ሙቴሳ አደባባይ ደረሰ። ዛሬ የካምፓላ ክፍል በሆነችው ናቴቴ ምድጃ፣ ቶርኖና መሳያ ድንጋይ ያለው የሥራ ቤት አቋቋመ። እዚያው በእጅ ማተሚያ የሉጋንዳ ንባብ ያትም ነበር፤ የማቴዎስ ወንጌልንም ወደ ሉጋንዳ ለመመለስ ደክሟል። እ.ኤ.አ. በ1890 ከቪክቶሪያ ሐይቅ ደቡብ በኡሳምቢሮ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ በእጁ መሥራትንና ማስተማርን ለያይቶ አላያቸውም። የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲም መነሻው እ.ኤ.አ. በ1922 በ14 ተማሪዎች የተከፈተ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶችም አናጺነት፣ ግንባታና መካኒክነት ነበሩ።

የከተማዋ የብረት ሠራተኞች ልብ ግን ካትዌ ነው። በሜንጎ ኮረብታ አጠገብ ባለው በዚህ ሰፈር በርና መስኮት፣ ሲጊሪ የሚባለው የከሰል ምድጃ፣ የብሎኬት ማምረቻና ሌላም ብዙ መሣሪያ ይሠራል። የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 እስያውያንን ካባረረ በኋላ የውጭ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ የተሰበረውን ማሽን አስመስሎ መሥራት የሚያውቅ ሰው ለአገሩ የማይተካ ሆነ። ይህ ልማድ ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በናማንቬ የተከፈተው የማሽን ሥራ ማሠልጠኛ ማዕከል ደግሞ በኮምፒውተር ለሚመራው ዘመናዊ ማሽን በር ከፍቷል።

በካምፓላ በቤቱ ትንሽ ሚሊንግ ማሽን ያስቀመጠ ሰው በካትዌው የእጅ ሥራና በናማንቬው የኮምፒውተር ማሽን መካከል ይቆማል። ማሽኑም ሆነ መለዋወጫው በመርከብ ሞምባሳ ደርሶ፣ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ በየብስ ተጉዞ የሚመጣ ነው። የቪክቶሪያ ሐይቅ እርጥበት ያልተቀባውን ብረት ያዝገዋል። መብራት ይቋረጣል፤ ኃይሉም ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ ማሽንን በራሱ ማሻሻል ከጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ ማሽኑን በሕይወት የማቆያ መንገድ ይሆናል።

ጉድለቶቹና መድኃኒታቸው

የመጀመሪያው ጉድለት የጽናት ማነስ ነው። በኤክስ2 ዓይነት ማሽን ላይ መቁረጫውን የተሸከመው ምሰሶ ከመሠረቱ ጋር የሚያያዘው በአንድ ትልቅ ብሎን ነው። ምሰሶው ወደ ጎን እንዲያዘነብል ታስቦ የተደረገ ሲሆን፣ መቁረጫው ብረት ሲነክስ ግን ምሰሶው ይላወሳል፤ የሚቆረጠውም ፊት ይሻክራል። መድኃኒቱ ከምሰሶው ጀርባ ወፍራም የብረት ሳህን ከመሠረቱ ጋር አያይዞ ማሰር፣ ወይም የምሰሶውን ባዶ ሆድ በኤፖክሲ ሙጫና በግራናይት ጠጠር ድብልቅ መሙላት ነው። ሳህኑ የሚቀመጥበትን ፊት የሚያስተካክለው ያው የሚንቀጠቀጠው ማሽን ነው። የሚያስተካክለውም በጣም ስስ እየላጠ፣ ደጋግሞ፣ የሚንቀጠቀጥበትን ፍጥነት እየሸሸ ነው።

ሁለተኛው ልልነት ነው። ጠረጴዛውን የሚገፋው ረጅም ብሎን ከዳዶው ጋር ሲነካካ ጥቂት ክፍተት አለው፤ መዘውሩ አቅጣጫ ሲለውጥ ጠረጴዛው ወዲያው አይከተልም። የተሰነጠቀ ዳዶ እያጠበቁ ክፍተቱን መቀነስ ወይም ብሎኑን በጥይት (በትናንሽ የብረት ኳሶች) በሚንከባለል ዘመናዊ ብሎን መተካት ይቻላል። የጠረጴዛው መንሸራተቻም ጂብ የሚባል ቀጭን ሽብልቅ አለው፤ እሱ በሚገባ ካልተፋቀና ካልጠበቀ ጠረጴዛው አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይይዛል።

ሦስተኛው የኃይል ማስተላለፊያው ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች ከሞተሩ መቁረጫውን ወደሚያሽከረክረው ዘንግ፣ ወደ ስፒንድሉ፣ ኃይል የሚያደርሱት ጥርሶች ፕላስቲክ ናቸው፤ መቁረጫው ድንገት ሲነክስ ይረግፋሉ። በብረት ጥርስ ቢተኩ ጥርሱ ይጸናል፤ ጉዳቱ ግን ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ሰሌዳው ሊሸጋገር ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ቺንጋ ይመርጣሉ፤ ቺንጋ ጸጥተኛ ነው፣ ከአቅም በላይ ሲጫኑትም ይንሸራተታል እንጂ አይሰበርም። አንዱን ክፍል ብቻ ማጠንከር ደካማነትን ወደ ሌላው ማዛወር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

አራተኛው ልኬት ነው። በጠረጴዛው ላይ የሚገጠመው ዲጂታል መለኪያ የመቶኛ ሚሊሜትር ለውጥ ያሳያል። በመዘውሩ ላይ ያለው ልልነት አያታልለውም፤ የሚለካው ጠረጴዛው በእውነት የተጓዘውን ነውና። የማሽን ልኬት በዓለም ዙሪያ የሚሰላው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በካምፓላ ቀትር ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ፣ 300 ሚሊሜትር የሚረዝም ብረት ወደ 0.03 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ መለኪያውንና ብረቱን በአንድ ክፍል አሳድሮ ሙቀታቸው እስኪመሳሰል ይጠብቃል።

አምስተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። በኡጋንዳ የቤት መብራት 240 ቮልት ነው፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ግን የኃይል መዋዠቅን አይወድም። ማረጋጊያ መግጠም ማሽኑን ያድናል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሣ የሚከለክል ማብሪያ መግጠም ደግሞ የሰውን ጣት ያድናል። በመጨረሻ የሚመጣው ማሽኑን በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ ነው። እንደ ሊኑክስ ሲኤንሲ ያለ ነጻ ፕሮግራምና ስቴፐር የሚባሉ በትንንሽ ደረጃ የሚዞሩ ሦስት ሞተሮች ትንሹን ማሽን የታዘዘውን ቅርጽ እንዲከተል ያደርጉታል። ይሁንና ልልነቱ ያልታረመ ማሽን በኮምፒውተር ሲታዘዝ ስሕተቱን አይተውም፤ ያንኑ ስሕተት ሳይታክት ይደጋግመዋል። ቅደም ተከተሉም ከዚህ የመነጨ ነው፦ መጀመሪያ ጽናት፣ ቀጥሎ ልልነትን ማጥፋት፣ ቀጥሎ ልኬት፣ ፍጥነትና ትእዛዝ በመጨረሻ።

ጉጠትና መዶሻ

በእነዚህ ሁሉ ማሻሻያዎች ውስጥ ያለውን ጥያቄ የጥንት ሰዎች በጉጠት ምሳሌ ጠይቀውታል። ብረት ቀጥቃጭ ጉጠት ለመሥራት የጋለውን ብረት የሚይዝበት ሌላ ጉጠት ያስፈልገዋል፤ ያንን ጉጠት ለመሥራትም ሌላ። ታዲያ የመጀመሪያውን ጉጠት ማን ሠራው? በ2ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው የአይሁድ የቃል ሕግ መጽሐፍ፣ በፍጥረት ሳምንት በሰንበት ዋዜማ በድንግዝግዝታ የተፈጠሩ ልዩ ነገሮችን ሲቆጥር፣ አንዳንዶች ጉጠትንም እንደሚጨምሩ ይመሰክራል። በዚህ አስተያየት የመጀመሪያው መሣሪያ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ሰው ከእርሱ ተነሥቶ ሌላውን አበዛ። የባቢሎን ታልሙድ ግን በዚህ ላይ የተነሣውን ተቃውሞም አቆይቷል። የመጀመሪያው ጉጠት በቅርጽ ፈስሶ ሊሠራ ይችል ነበር፤ ስለዚህ ጉጠትን ለማስገኘት ጉጠት የግድ አያስፈልግም።

ፈላስፋው ባሩክ ስፒኖዛ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1677 በታተመው ስለ አእምሮ መታረም በጻፈው ያልተጠናቀቀ መጽሐፉ ይህንኑ በመዶሻ አሳይቷል። መዶሻ ለመሥራት መዶሻ ያስፈልጋል ብሎ ሰው ብረት ሊቀጠቅጥ አይችልም የሚል ሰው በከንቱ ይከራከራል። ሰዎች በተፈጥሮ ባላቸው መሣሪያ ቀላሉን ነገር በብዙ ድካም፣ ያለ ፍጹምነት ሠሩ፤ በዚያ ደግሞ ከባዱን በትንሽ ድካም ሠሩ፤ እንዲህ እያሉ ወጡ። አእምሮም በተፈጥሮ ኃይሉ የመጀመሪያ የማወቂያ መሣሪያዎቹን ይሠራል፤ በእነርሱም ወደ ሌሎች ይሻገራል።

ፈላስፋው ሬኔ ዴካርት ግን እ.ኤ.አ. በ1641 ባሳተመው መጽሐፉ በሦስተኛው አስተንትኖ ሌላ መርሕ አስቀምጧል፦ በውጤቱ ውስጥ ያለው ህልውና ቢያንስ ያን ያህል በምክንያቱ ውስጥ መኖር አለበት፤ የበለጠው ካነሰው ሊወጣ አይችልም። ዴካርት ይህን የተጠቀመበት ፍጹም አምላክ እንዳለ ለማስረዳት ነበር። መርሑ እውነት ከሆነ የተወላገደው ማሽን ቀጥ ያለ ነገር እንዴት አወጣ?

ሦስቱ ሳህኖች

ለዚህ ጥያቄ ከብረት ሥራ የመጣ ግልጽ መልስ አለ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በወጣትነቱ በለንደን በማሽን ሠሪው በሄንሪ ሞድስሌ የሥራ ቤት የሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1840 በግላስጎው ለብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር እውነተኛ ጠፍጣፋ ፊት ስለሚገኝበት መንገድ ጽሑፍ አቀረበ። መንገዱ ከዚያ በፊት የተስተካከለ ምንም ነገር አይፈልግም። የሚፈልገው ሦስት የብረት ሳህኖች፣ ስስ ቀለምና የእጅ መፋቂያ ነው።

ሳህኖቹ ሀ፣ ለ እና ሐ ይባሉ። አንዱ ቀለም ተቀብቶ ከሌላው ጋር ይታሻል። ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ከፍ ያለው ነው፤ እሱ ይፋቃል። ሥራው በሁለት ሳህን ብቻ ቢቆም ትልቅ አደጋ አለው፦ ሀ ጉብታ፣ ለ ጎድጓዳ ሆነው ፍጹም ሊገጥሙ ይችላሉ። ሁለቱ ተስማምተዋል፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። ሦስተኛው ሲመጣ ስሕተቱ መደበቂያ ያጣል። ለም ሐም ከጉብታው ሀ ጋር እንዲገጥሙ ከተፋቁ ሁለቱም ጎድጓዳ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ሲጋጠሙ በጠርዝ ብቻ ይነካካሉ፣ ስሕተቱም እጥፍ ሆኖ ይታያል። እየተፈራረቁ፣ አንዱ በሌላው ላይ በሩብ ዙር እየተሽከረከረ ቀለሙ በየቦታው እኩል እስኪያርፍ ድረስ ቢፋቁ፣ ሦስቱም በሁሉም በኩል ሊገጥሙ የሚችሉት ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ትንሹ ማሽንም የሚታረመው በዚሁ ዘዴ ነው። ስፒንድሉ ለጠረጴዛው ቀጥ ብሎ መቆሙ የሚፈተነው በስፒንድሉ ላይ መለኪያ ሰዓት ታስሮ በጠረጴዛው ላይ ክብ ሲዞር ነው። በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ ያለው ንባብ እኩል ከሆነ ቀጥ ብሏል። ለዚህ ፈተና የመለኪያው ሰዓት ፍጹም መሆን አያስፈልገውም፤ ያው ሰዓት በሁሉም ቦታ እኩል ማንበቡ ይበቃል። የማዕዘን መለኪያም በአንድ ፊቱ መስመር ተሰምሮ ተገልብጦ ሲሰመር ሁለቱ መስመሮች ቢለያዩ፣ የልዩነቱ ግማሽ የራሱ ስሕተት ነው። መሣሪያው በራሱ ላይ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ልክነትን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ የተበደረ ልክነት ነው። ከውጭ የተገዛው ጥይት ብሎን፣ ዲጂታል መለኪያው፣ ከተሻለ ፋብሪካ የመጣው ኩሽኔታ ልክነታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ገዢው ይገጥማቸዋል እንጂ አያስገኛቸውም። ሌላው የተወለደ ልክነት ነው። ይህ በሦስት ሳህን፣ በመገልበጥና በማነጻጸር የሚገኝ ሲሆን በካትዌ ወለል ላይ ከቁርጥራጭ ብረት ሊጀመር ይችላል። በተግባር ሁለቱ ይደባለቃሉ። የተበደረውም ልክነት ወደ ኋላ ቢከተሉት መነሻው የተወለደው ነው፤ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ትክክለኛ ማሽን የዘር ሐረጉ በእጅ ወደ ተፋቀ ብረት ይደርሳል።

ብልጫው ከየት መጣ

ሦስቱ ሳህኖች ዴካርትን ያፈርሳሉን? መልሱ ምክንያት ተብሎ በሚቆጠረው ላይ ይንጠለጠላል። መሣሪያው ብቻ ምክንያት ከሆነ የበለጠው ካነሰው ወጥቷል። ነገር ግን መሣሪያው ሙሉ ምክንያት አይደለም። የትኛው ከፍ እንዳለ የሚያይ ዓይን፣ ሁለት ምስክር እንደማይበቃ የተረዳ አእምሮ፣ ለመፋቅ የሚታገሥ እጅ አብረው ሠርተዋል።

ሰው ባያስብበትስ? ሦስት ሳህኖች በአሸዋ እየተፈራረቁ ቢታሹም ወደ ጠፍጣፋነት ይቀርባሉ፤ የመነጽር ሠራተኞች ይህን ያውቃሉ። እንግዲያው ብልጫው ሁሉ ከሠራተኛው አእምሮ የመጣ ነው ማለትም አይቻልም። አእምሮ የመረጠው ሳህኖቹ ሦስት እንዲሆኑና እንዲፈራረቁ ነው። በዚያ ሁኔታ ስሕተት እርስ በርሱ እንዲጣፋና አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር የሚያደርገው ሥርዓት ግን በተፈጥሮ ውስጥ አስቀድሞ ያለ ነው። ሃይማኖት የሌለው አሳቢ ይህን የቦታና የቁስ ሕግ ብሎ እዚያው ያቆማል። አማኝ ደግሞ ሕጉን ሰጪውን ይጠይቃል። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ጠፍጣፋነትን የፈጠረ ሰው የለም።

ይህ በሥራው ጠባይ ውስጥ ይታያል። በመፋቅ ብረት ይነሣል እንጂ አይጨመርም። ልክነት የሚገኘው ልክ ያልሆነውን በማስወገድ ነው። በዲዮናስዮስ አርዮስፋጎሳዊ ስም የሚታወቀው የጥንት ክርስቲያን ጸሐፊ ስለ እግዚአብሔር የሚነገረውን ሲያስተምር፣ ቅርጽ አውጪ የሸፈነውን እያነሣ የተሰወረውን ውበት እንደሚገልጥ ሁሉ፣ አእምሮም ለእግዚአብሔር የማይገባውን እያስወገደ ይቀርባል ይላል። የፋቂው ሥራ ይህ ትምህርት በእጅ ሲደረግ የሚታይበት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መፍጠርን ከመሥራት ይለያሉ። መፍጠር ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት ነው፤ የእግዚአብሔር ብቻ ነው። ሰው ካለው ነገር ይሠራል። በኦሪት ዘፀአት ለድንኳኑ ሥራ ለተመረጠው ለባስልኤል የተሰጠው ቁሳቁስ ብቻ አልነበረም፤ ለብርና ለናስ ሥራ የሚሆን ጥበብና ማስተዋልም ተሰጥቶታል። ነቢዩ ኢሳይያስ ደግሞ ምሣር በሚቆርጥበት ሰው ላይ ሊመካ ይገባዋልን ብሎ ይጠይቃል። ጥበብ ለሰው ተሰጠች፣ መሣሪያ ለጥበብ ያገለግላል፤ ትዕቢት የሚጀምረው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው።

በቡጋንዳ የሚነገረው የዋሉካጋ ተረት የዚህን ድንበር ያሳያል። ንጉሡ ታላቁን ብረት ቀጥቃጭ ዋሉካጋን የሚራመድ፣ የሚናገርና የሚያስብ ሕያው ሰው ከብረት ሥራልኝ ይለዋል። ዋሉካጋ ከጭንቀቱ የሚወጣው አንድ እብድ በመከረው ምክር ነው፦ ለሥራው ከሰው ፀጉር የከሰለ ብዙ ሸክም ከሰልና ብዙ ማሰሮ እንባ እንዲሰጠው ንጉሡን ይለምናል። ይህ እንደማይገኝ ሲታወቅ ንጉሡ ትእዛዙን ይተዋል። ተረቱ ጥበብን አያሳንስም፤ የጥበበኛን ክብር ከማይቻል ትእዛዝ ያድናል። ከብረት የተሻለ ብረት ይወጣል፤ ሕያው ነፍስ ግን አትወጣም።

የማሻሻል ግዴታና ልኩ

ጎዶሎ መሣሪያ ከራሱ የተሻለ ሊሠራ መቻሉ የሥነ ምግባር ፍሬ አለው። የተሻለ መሣሪያ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ምክንያት ያጣል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እስራኤላውያን በአገራቸው ብረት ሠሪ ስላልነበራቸው ማረሻቸውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርዱ እንደነበር ተጽፏል። መሣሪያውን የማያርም ሕዝብ በሌላው ፈቃድ ያርሳል። በኢትዮጵያ ቀጥቃጭና ሸማኔ በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። በካትዌ በእጁ የሚሠራውን ማክበርም ከዚሁ ጽድቅ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ፍሬ ትሕትና ነው። ራሱን ከሌላው ጋር ለማነጻጸር የማይፈቅድ ሳህን ስሕተቱን አያውቅም፤ ከአንድ ወዳጅ ጋር ብቻ መስማማትም እውነትን አያረጋግጥም። ዕውቀት ሦስተኛ ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክሩም የሚጠቅመው የተናገረውን ተቀብሎ ለመፋቅ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ነው።

ሦስተኛው ልክን ማወቅ ነው። የሃምሳ ኪሎው ማሽን ምንም ቢታረም የአንድ ቶኑን ጽናት አያገኝም። ማሻሻል ራሱ ግብ ሲሆን ማሽኑ ዘወትር ተፈትቶ ይቀመጣል፤ ለራሱ እንጂ ለማንም ክፍል ሳይቆርጥ ዓመታት ያልፋሉ። የልኩ ወሳኝ የሚሠራው ሥራ ነው። ለውኃ ፓምፕ ክፍል መቶኛ ሚሊሜትር ከበቃ፣ ከዚያ በታች መውረድ ለሌላ ሥራ የሚሆነውን ጊዜ ይወስዳል። ማሽኑ የታሰበለትን ክፍል በሚፈለገው ልክ ደጋግሞ ማውጣት ሲችል ማሻሻሉ ፍጻሜውን አግኝቷል፤ ቀጣዩ ተግባር ያንን ክፍል ለሚያስፈልገው ሰው መሥራት ነው።